የስንጥር ጉርሻ

(ጃፓን ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ከተሞች ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ፤ ማለዳ። የወንድማቸውን ልጅ ትርሲትን ለመዳር ከደብረ ብርሃን በሽምግልና የመጡት ጋሽ ወንድይፍራው፣ በእጮኛዋ በናኦኪ አባት በአቶ ሞሪታ ቤት ፎቅ ላይ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ሊወርዱ ሲሉ ትርሲት በሩን ይዛባቸዋለች።)

ትርሲት፦ ጋሼ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ያውርዱት። ሰው ያየናል።

ወንድይፍራው፦ እንዲያየኝ እኮ ነው የተሸከምኩት። ሰው የማያየው ድንጋይ ምን ይሠራል? ዞር በይ ከበሩ።

ትርሲት፦ አልዞርም። እንዲህ ሆነው ታች ቢወርዱ ምን የሚሉ ይመስልዎታል? «ሽማግሌው በማለዳ ተነሥተው ግንብ ሊሠሩ ነው» ነው የሚሉት።

ወንድይፍራው፦ ይቅርታ የሚለምን ሰው መሆኔ አይገባቸውም?

ትርሲት፦ ከየት ይገባቸዋል? እዚህ አገር ጥፋተኛ ድንጋይ አይሸከምም።

ወንድይፍራው፦ ታዲያ ምን ያደርጋል?

ትርሲት፦ ጎንበስ ይላል።

ወንድይፍራው፦ ጎንበስማ ሲሉ ነው የሚውሉት። ከመጣሁ ቀና ያለ ሰው አላየሁም። ትናንት በር ላይ እኔ ጎንበስ ስል የናኦኪ አባት ጎንበስ፣ እሱ ቀና ሊል ሲል እኔ ደግሞ ጎንበስ፤ እህቱ መጥታ ባትገላግለን ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርን። ለሰላምታም ጎንበስ፣ ለምስጋናም ጎንበስ፣ ለኔ ዓይነቱ ጥፋትም ያው ጎንበስ? አይበቃም። የኔ ጥፋት ድንጋይ ይገባዋል።

ትርሲት፦ ትከሻዎን ያምዎታል። ቢያንስ ቁጭ ይበሉና እንነጋገር።

ወንድይፍራው፦ ምን ንግግር ቀረ? ገና ሳይነጋ መጥተሽ «ትናንት ራት ላይ ባደረጉት ነገር የዛሬው የቤተ ዘመድ ንግግር ቀርቷል» አላልሽኝም? አባትሽ በሕይወት ቢኖር እሱ ነበር የሚመጣው። እሱ የለም ብዬ፣ በአገራችን የሴት ወገን ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚለመነው ሳልል፣ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ። መጥቼ የወንድሜን ልጅ ሠርግ በሁለት ስንጥር አፈረስኩት።

ትርሲት፦ ቾፕስቲክ ነው የሚባለው።

ወንድይፍራው፦ ለኔ ስንጥር ነው። እስቲ ድገሚልኝ፤ ስትነግሪኝ ደንግጬ ግማሹን አልሰማሁሽም። በስንጥሩ ምን ያደርጉበታል አልሽኝ?

ትርሲት፦ ይበሉበታል፤ ሌላ ምን ያደርጉበታል።

ወንድይፍራው፦ ሌላውን ነው የጠየቅኩሽ።

ትርሲት፦ ሰው ሲሞት ሬሳው ይቃጠላል። ከዚያ ቤተ ዘመድ ይሰበሰብና የቀረውን አጥንት በቾፕስቲክ እያነሣ ይቀባበላል። አንዱ በቾፕስቲኩ ያቀብላል፣ ሌላው በቾፕስቲኩ ተቀብሎ ማሰሮ ውስጥ ያኖረዋል። ስለዚህ ገበታ ላይ ምግብ እንዲያ አይቀባበሉም። ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

ወንድይፍራው፦ ሚስቱንም እንደዚያ አድርጓት ነዋ።

ትርሲት፦ አዎ። ሙት ዓመቷን ያወጡት በቅርቡ ነው።

ወንድይፍራው፦ በገዛ እጁ።

ትርሲት፦ እሳቸውና ናኦኪ ሆነው።

ወንድይፍራው፦ እኔ ደግሞ ከዓሣው ወፍራሙን መርጬ «እንካ የኔ ጌታ፣ ጉረስ» ብዬ ዘረጋሁለት። አፉን ይከፍታል ብዬ ስጠብቅ ስንጥሩን ዘርግቶ ተቀበለኝ። እኔ ደስ ብሎት መሰለኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ትርሲት፦ አላወቁም እኮ፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ አለማወቄማ ነው ያጠፋኝ። ደግሞ አንዱ መች በቃኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብዬ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ሰው በሐዘኑ ላይ እንዲህ ይደረጋል? የአገሬ ሰው ቢሰማ «ወንድይፍራው ሽማግሌ ነው» ብሎ ዳግመኛ ደጄን ይረግጣል?

ትርሲት፦ ማን ይነግራቸዋል?

ወንድይፍራው፦ እኔ ራሴ። ነገር ሆዴ ውስጥ እንደማያድር አታውቂም? እስቲ ይሄን መልሺልኝ፤ በእጄ ባጎርሰው ኖሮስ?

ትርሲት፦ በእጅ?

ወንድይፍራው፦ በእጄ፣ ታጥቤ፣ እንደ አገሬ።

ትርሲት፦ ይገርማቸው ነበር። ይስቁ ይሆናል። ከዚያ ያለፈ ነገር አይኖርም።

ወንድይፍራው፦ ይኸውልሽ። «እጅ የሚባል ነገር ወደ ምግብ እንዳይሄድ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። በስልክ አስጠንቅቀሽኝ ክረምቱን ሙሉ ሽምብራ በስንጥር ስለቅም ነው የከረምኩት። ሚስቴ «ባሌ ዶሮ ሆነ» ብላ ጎረቤት ጠርታ አሳየችኝ።

ትርሲት፦ እኔ ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው።

ወንድይፍራው፦ ለክብሬ ያላልሽው ምን አለ? «ባቡር ውስጥ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ለክብርዎ። ሰው አቅፈው አይሳሙ፣ ለክብርዎ። ጋቢውን አያልብሷቸው፣ በወረቀት ጠቅልለው በሁለት እጅ ይስጧቸው፣ ለክብርዎ።» ጋቢ ተጠቅልሎ ሲሰጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አልብሼው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ልመርቀው ነበር። ተቀበለኝና ሳይፈታው ወደ ጎን አኖረው። የናቀው መሰለኝ።

ትርሲት፦ ስጦታ ሰጪው ፊት አይፈታም። ጨዋነት ነው።

ወንድይፍራው፦ ይሄንንም የነገርሽኝ ካኮረፍኩ በኋላ ነው። ሩዝ ይጨመርልዎ ሲሉኝ «በቃኝ» አልኩ። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት፣ ለወጉ ያህል። ሳህኑን ብድግ አድርገው ወሰዱት። «በሞቴ» የሚል የለ፣ «አፈር ስሆን» የሚል የለ። ዓሣውን ለሰው አጉርሼ በባዶ ሆዴ አደርኩ።

ትርሲት፦ እዚህ በቃኝ ያለ ሰው በቃው ነው። አይለምኑትም።

ወንድይፍራው፦ ገንዳውስ?

ትርሲት፦ ገንዳውን ተዉት ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ አልተወውም። «እንግዳ ይቅደም» ብለው የሞቀ ውኃ ሞልተው አቀረቡልኝ። ተጣጠብኩና እድፌን ለሰው ትቼ አልወጣም ብዬ ውኃውን ለቀቅኩት። ገንዳውንም አሽቼ አጠብኩት። የጨዋ ልጅ እንዲያ አይደል የሚያደርገው? ለካ ቤተሰቡ በሙሉ በዚያው ውኃ ሊገባ ተራ እየጠበቀ ነው።

ትርሲት፦ ሳሙናውንና እሽታውን ከገንዳው ውጭ ነው የሚጨርሱት። ገንዳው ውስጥ ዝም ብለው ይዘፈዘፋሉ እንጂ አይታጠቡበትም።

ወንድይፍራው፦ ሰው እንደ ባቄላ ይዘፈዘፋል ብሎ ማን ይገምታል? እሱም ይሁን። ካልሲዬስ? ጫማ ይወለቃል ስትዪኝ «ቤተ ክርስቲያን የለመድኩት ነው» ብዬ ኮራሁ። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ መቀደዱን መች አሰብኩት። ሽማግሌ ተብዬ መጥቼ፣ ሰው ደጃፍ ላይ ጣቴ ከኔ ቀድማ ሰላም አለች።

ትርሲት፦ አይቻለሁ።

ወንድይፍራው፦ ማየትሽን እኔም አይቻለሁ። ፊትሽ ቲማቲም ሆነ።

ትርሲት፦ ድንገት ስለሆነብኝ ነው።

ወንድይፍራው፦ ምንም አይደል። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ። ብቻ አሁን መንገዱን ልቀቂልኝ። ድንጋዩን ተሸክሜ እገባለሁ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፣ «ማርኩህ» ሲለኝ አወርደዋለሁ። ማረኝ ለማለት ቋንቋ አያስፈልግም።

ትርሲት፦ ቆይ እስቲ። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎበታል። ከየት ነው ያመጡት?

ወንድይፍራው፦ ከጓሮ። መንገድ ላይማ ድንጋይ ከየት ይገኛል? አገሩ ተጠርጎ አልቋል። ስዞር ስዞር ጓሮ ገባሁ። ነጭ ጠጠር አንጥፈው፣ እንደ እርሻ መስመር መስመር አስይዘውታል። መሃሉ ላይ ድንጋዮች ቁጭ ብለዋል፤ ሥራ የላቸውም። ከነሱ መካከለኛውን አነሣሁ።

ትርሲት፦ ወይኔ፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ ምን ሆንሽ?

ትርሲት፦ የሚስታቸው ነው። እያንዳንዱን ድንጋይ ቦታ መርጣ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ከሞተች ወዲህ አቶ ሞሪታ ጠጠሩን በየማለዳው በመንሽ ያበጃጁታል እንጂ ድንጋዮቹን ነቅነቅ አድርገዋቸው አያውቁም።

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው ማታ አጥንቷን አቀበልኩት፣ ጠዋት ደግሞ መቃብሯን ፈነቀልኩበት በይኛ።

ትርሲት፦ መቃብር አይደለም። አትክልት ቦታ ነው።

ወንድይፍራው፦ ለሱ ያው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ነይ ያዢልኝ። ቀስ፣ ቀስ በይ። ምንጣፉ ላይ አይደለም፣ ፎጣውን አንጥፊለት። ምንጣፋቸው ሰሌን ነው፤ ደግሞ እሱን ሸርክቼ ልሂድ?

ትርሲት፦ ደህና። ይቀመጡ አሁን። ሳያዩ በፊት ወስጄ እመልሰዋለሁ።

ወንድይፍራው፦ ማን ሳያይ?

ትርሲት፦ አቶ ሞሪታ ናቸዋ።

ወንድይፍራው፦ አይቶኛል።

ትርሲት፦ ሲያነሡት?

ወንድይፍራው፦ ሳነሣው። ቀና ስል በረንዳው ላይ ቆሟል። ድንጋዩን ልጣለው አልል፣ ተሸክሜው ቆሜ ቀረሁ። እግሬ ላይ ያው የተቀደደው ካልሲ ነው ያለው፣ ጠጠሩ ይወጋኛል። ሰውዬው አየኝ፣ አየኝና ተመልሶ ወደ ቤት ገባ። ፖሊስ ሊጠራ ነው ብዬ ነበር።

ትርሲት፦ ከዚያስ?

ወንድይፍራው፦ ነጠላ ጫማ ይዞ መጣ። ተንበርክኮ እግሬ ስር አኖረልኝ። ከዚያ ድንጋዩን በግራ በቀኝ ተመለከተውና አንድ ነገር አለኝ። አልገባኝም። ድምፁ ግን ለስለስ ያለ ነበር። መንገድ ለቀቀልኝ፤ እኔም ኮቴን ልደርብ ብዬ ድንጋዩን እንደያዝኩ ወደዚህ ወጣሁ።

ትርሲት፦ ይሄን እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?

ወንድይፍራው፦ ትንፋሽ መች ሰጠሽኝ። ደግሞ አሁን ለአንቺ ሳወራው ነው ለራሴም የገረመኝ። ቆይ እስቲ። የተቀየመ ሰው ለበደለው ሰው ጫማ ያቀርባል?

ትርሲት፦ ጨዋነት ነው። እዚህ አገር ሰው ቢቀየምም ፊቱ ላይ አይታይም።

ወንድይፍራው፦ ፊቱንማ ተዪው። ጉልበቱ ነው መሬት የነካው። ስንት ዘመን የተጣላ ሰው መሃል የተቀመጥኩ ነኝ፤ ቂም የያዘ ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ አውቃለሁ። ይሄ ሰው በኔ አልተቀየመም።

ትርሲት፦ እንደዚያ ከሆነ ጥሩ ነዋ። ድንጋዩን ልውሰደው።

ወንድይፍራው፦ ድንጋዩ የትም አይሄድም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው፤ ቁጭ በይ። የዛሬው ንግግር ቀርቷል ያለሽ ማነው?

ትርሲት፦ ናኦኪ።

ወንድይፍራው፦ ምን ብሎ?

ትርሲት፦ «አባቴ ዛሬ አይሆንም አለ» ብሎ።

ወንድይፍራው፦ በአጎትሽ ምክንያት ነው ብሏል?

ትርሲት፦ ምክንያቱን እንኳን...

ወንድይፍራው፦ ብሏል ወይስ አላለም?

ትርሲት፦ አላለም።

ወንድይፍራው፦ ስለዚህ በኔ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አጥንት ያቀባበሉ ያህል ነው አልኩዎት እኮ።

ወንድይፍራው፦ እሱን ሰምቼሻለሁ። አሁን እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ስንጥሩን ስዘረጋለት ሁሉም መብላቱን ተወ፣ እውነት ነው። ግን ሰውዬው ሳህኑን ሊያቀርብልኝ ይችል ነበር፤ አላቀረበም። አስቦ፣ ትንሽ ቆይቶ ነው የተቀበለኝ። ሁለተኛውን ያለ ማመንታት ተቀበለኝ። ሦስተኛው ላይ ፈገግ አለ። ከዚያ ነው እህቱ ወደ አንቺ ዞራ የሆነ ነገር የጠየቀችሽ። አንቺ ሳቅ ብለሽ መለስሽላት። ቤቱ የቀዘቀዘው ያኔ ነው፤ ከኔ ጉርሻ በኋላ ሳይሆን ከአንቺ ሳቅ በኋላ። ምን ጠየቀችሽ?

ትርሲት፦ አላስታውስም።

ወንድይፍራው፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እዚሁ ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን። እኔ እንደሆንኩ ቁርስ አላማረኝም።

ትርሲት፦ «ይሄ የአገራችሁ ልማድ ነው ወይ» አለችኝ።

ወንድይፍራው፦ ደግ ጥያቄ ነው። አንቺስ?

ትርሲት፦ ይተዉኝ፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ አንቺስ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ አይደለም አልኩ።

ወንድይፍራው፦ ጉርሻ የአገራችን አይደለም?

ትርሲት፦ «እኔ አላውቀውም» አልኩ። «እሳቸው ባላገር ስለሆኑ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር እኔ ባደግሁበት ቤት የለም» አልኩ።

ወንድይፍራው፦ ያደግሽው እኔ ቤት ነው።

ትርሲት፦ አውቃለሁ።

ወንድይፍራው፦ በቅሎን «አባትሽ ማነው» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች። እሷ እንኳ አባቷን ነው የደበቀችው፤ አጎቷንማ ጠርታለች። አንቺ ከበቅሎም አነስሽብኝ።

ትርሲት፦ ይበሉኝ። የሚሉኝ ሁሉ ይገባኛል።

ወንድይፍራው፦ አባትሽ የሞተ ሰሞን እህል አልቀምስ ብለሽ ነበር። ሚስቴ ለምና አቃታት፣ ቄሱ ገሥጸው አቃታቸው። እኔ ነኝ አጠገብሽ ተቀምጬ በእጄ ያጎረስኩሽ። አፍሽን የከፈትሽው ለዚህ እጅ ነው። እሱን ነው «አላውቀውም» ያልሽው?

ትርሲት፦ አፈርኩ፣ ጋሼ። በካልሲዎ አፈርኩ። ባቡር ውስጥ ጮክ ብለው ሲያወሩ ሰው ዞር ዞር እያለ ሲያየን አፈርኩ። ገንዳውን ሲለቁት አፈርኩ። ዓሣውን ሲዘረጉማ እንዳላየ ሰው ሰሌኑን ማየት ጀመርኩ። «ጋሼ፣ ይተዉ» ብል አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ። ከኔ ጋር እንደመጡ ሁሉ እንዲረሳልኝ ፈለግሁ። ከዚያ ሲጠይቁኝ ያ መልስ ከአፌ ወጣ። ሌሊቱን ደግሞ ባፈርኩብዎ ሳፍር አደርኩ።

ወንድይፍራው፦ ጴጥሮስ እንኳ የካደው ሰይፍና ዱላ የያዘ ጭፍራ ፈርቶ ነው። አንቺን ያስፈራሽ ምንድነው? ሩዝ የምትበላ አንዲት አሮጊት?

ትርሲት፦ አይሳቁብኝ።

ወንድይፍራው፦ እየሳቅኩ አይደለም። ለመሆኑ ሰውዬው መዋሸትሽን በምን አወቀ? አንቺ አይደለም ካልሽ አምኖሽ ዝም ማለት ነበረበት።

ትርሲት፦ ፎቶ አላቸው።

ወንድይፍራው፦ የምን ፎቶ?

ትርሲት፦ ናኦኪ ደብረ ብርሃን ሲያስተምር የፋሲካ ለት እርስዎ ቤት መጥቶ አልነበር? እኔ ሳጎርሰው ሚስትዎ ያነሡን ፎቶ አለ። ጉርሻው ከአፉ በልጦ ወጡ አገጩ ላይ ወርዷል። ለእናቱ ልኮላት ነበር። እሷም በጣም ትወደው ነበር አሉ፤ እየሳቀች ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳየው ነበር። አሁን ታች፣ ከእሷ ፎቶ አጠገብ ተቀምጧል።

ወንድይፍራው፦ እንግዲህ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። አንቺ በሚያውቁሽ ቤት ነው ቁርበቱን ያስነጠፍሽው።

ትርሲት፦ ፎቶው እዚያ መኖሩን ያየሁት ከራት ስንነሣ ነው። አቶ ሞሪታም ፎቶውን እያየሁ አዩኝ። ምን ነበረበት ቢቆጡኝ።

ወንድይፍራው፦ ስለዚህ ጉርሻ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ትርሲት፦ ያውቁ ነበር። ለዚያ ነው የተቀበሉዎት። የምግብ ቅብብሉ ምን እንደሚመስል እያወቁ፣ ሰውዬው አክብረውኛል ብለው ተቀበሉዎት።

ወንድይፍራው፦ የሚስቱን አጥንት ባነሣበት ስንጥር።

ትርሲት፦ አዎ።

ወንድይፍራው፦ እንዲህ ያለ ሰው ባገራችንም ስንት አለ? ለኔ ሲል በሐዘኑ ላይ ተራመደ። አንቺ ደግሞ... ለናኦኪ ምን አለው? ንግግሩ የቀረው በምን ምክንያት ነው? አሁን እንኳ አትደብቂኝ።

ትርሲት፦ «እንግዳው አከበረኝ። ልጅቱ ግን ያሳደጋትን ሰው ገበታ ላይ ካደችው። እኔም አርጅቼ አንድ ቀን ሰው ፊት አሳፍራት ይሆናል፤ የዚያን ቀን እኔንስ ምን ትለኛለች?» ነው ያሉት።

ወንድይፍራው፦ ናኦኪስ?

ትርሲት፦ ምን ይላል? «መልሱን ከአንቺ ነው የምጠብቀው» ብሎኝ ወጣ። ዛሬ ካልተነጋገርን እህትየው ነገ ወደምትኖርበት ከተማ ትመለሳለች። ያለ እሷ ደግሞ አይሆንም። ሠርጉ አለቀለት፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ነው ጥፋቱ የኔ ነው ያልሽኝ።

ትርሲት፦ እውነቱን ለእርስዎ መናገር ከበደኝ።

ወንድይፍራው፦ እኔ ድንጋይ ፍለጋ በሰው ጓሮ በካልሲ ስንከራተት፣ አንቺ እዚህ ተኝተሽ ነበር?

ትርሲት፦ አልተኛሁም። ድንጋይ ይሸከማሉ ብዬም አላሰብኩም። አልከለከልኩዎትም አሁን?

ወንድይፍራው፦ የከለከልሽኝ ሰው ያየናል ብለሽ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ብለሽ አይደለም።

ትርሲት፦ ልክ ነዎት። አሁንም ያፈርኩት በእርስዎ ነበር። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አላውቅም።

ወንድይፍራው፦ እሱን በኋላ ታገኚዋለሽ። ከፍቶኛል። ከፍቶኛል ስልሽ እንዲያው ለአፌ አይደለም። ካልሲዬን ካየሽበት ሰዓት ጀምሮ ስትርቂኝ ይታወቀኝ ነበር፤ ደክሟት ነው እያልኩ ለራሴ ስዋሽ ነው የዋልኩት።

ትርሲት፦ ሻንጣዎን ላዘጋጅልዎ። ከሰዓት በኋላ ባቡር አለ። እኔም አብሬዎት እወጣለሁ። በምን ፊቴ ታች እወርዳለሁ?

ወንድይፍራው፦ ማን ሊሄድ ነው ሻንጣ የምታዘጋጂው?

ትርሲት፦ ከፍቶኛል አላሉኝም?

ወንድይፍራው፦ ከፍቶኛል አልኩ እንጂ መቼ እሄዳለሁ አልኩ? እስካሁን ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ፤ ጥፋተኛ ደግሞ ሽማግሌ አይሆንም። አሁን ጥፋቱ ባለቤቱን አገኘ፣ እኔም ሥራዬን አገኘሁ። ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ።

ትርሲት፦ ምን ሊያደርጉ ነው?

ወንድይፍራው፦ የመጣሁበትን። በመጀመሪያ ድንጋዩን ይዘን ጓሮ እንወጣለን፤ ሰውዬው ራሱ ቦታውን ያሳየኝና እመልስለታለሁ። ከዚያ እሱና እህቱ ባሉበት እኔ ቀድሜ እገባለሁ፣ አንቺ በር ላይ ትቆሚያለሽ። «ትግባ» እስኪሉሽ ድረስ አንድ እግርሽን እንዳታስገቢ።

ትርሲት፦ እዚህ አገር እንደዚያ አይደረግም፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ አይደረግም አልሽ? ትናንትም እንደዚያ ነው ያልሽው።

ትርሲት፦ እሺ። እቆማለሁ። ግን እኔ በር ላይ ከቆምኩ ማን ያስተረጉምልዎታል?

ወንድይፍራው፦ አንቺ፣ በር ላይ እንደቆምሽ።

ትርሲት፦ ናኦኪ ቢያስተረጉምስ? አማርኛ ይሞክራል እኮ።

ወንድይፍራው፦ የናኦኪ አማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ላይ ነው የሚያልቀው። ደግሞ ነገሩ የተበላሸው በአንቺ አፍ ነው፣ የሚቃናውም በአንቺ አፍ ነው።

ትርሲት፦ አልችልም። ስለ ራሴ እንዴት ብዬ...

ወንድይፍራው፦ እንደ ትናንቱም አይሆንም። ትናንት እኔ ዘርዝሬ ስመርቅ አንቺ በሁለት ቃል ትጨርሽው ነበር። አላወቀም ብለሽ ነው?

ትርሲት፦ ረዘመብኝ። እንዳይሰለቹ ብዬ ነው።

ወንድይፍራው፦ ዛሬ ቢሰለቹም ይሰልቹ። የምልሽን አንድ ቃል ሳትቀንሺ፣ አንድ ቃል ሳታሳምሪ ትነግሪልኛለሽ። ቀና ብለሽ፣ ዓይናቸውን እያየሽ። ሰሌኑን እንዳታዪ።

ትርሲት፦ ምን ብለው ነው የሚጀምሩት? ልዘጋጅበት።

ወንድይፍራው፦ እንዲህ ብዬ፦ «አቶ ሞሪታ፣ ይቺ ልጅ ትናንት በገበታዎ ላይ አላውቅም ብላለች። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ልጄ ናት።»